«ጁላይ ኤልበርታ» የተሰኘው ኮክና አዳቃዩ ሉተር ቡርባንክ

የአሜሪካ የፓተንት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ በ1930ዎቹ መጀመሪያ «ጁላይ ኤልበርታ» ለተባለ አንድ የኮክ ዛፍ የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ በሰጠበት ወቅት፣ በመዝገቡ ላይ በአዳቃይነት ስማቸው የሰፈረው ሰው ካረፉ ዓመታት ተቆጥረው ነበር። ሰውየው ሉተር ቡርባንክ ይባላሉ። በሃምሳ ዓመት የሥራ ዘመናቸው ከ800 በላይ አዳዲስ የፍራፍሬ፣ የአበባና የአትክልት ዝርያዎችን እንዳስገኙ የሚነገርላቸው እኚሁ አዳቃይ፣ በሕይወት ሳሉ ከእነዚህ በአንዱ ላይ እንኳ በሕግ የታወቀ የባለቤትነት መብት አልነበራቸውም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቡርባንክ መጋቢት 7 ቀን 1849 በማሳቹሴትስ ግዛት ላንካስተር በምትባል ከተማ አቅራቢያ ተወለዱ። አባታቸው ገበሬና ጡብ ሠሪ ሲሆኑ፣ ልጃቸው ሉተር ከአሥራ አምስት ልጆች አሥራ ሦስተኛው ነበሩ። መደበኛ ትምህርታቸው በአካባቢው ከሚሰጠው ብዙም ያለፈ አልነበረም። ወጣት ሳሉ በማረሻ ፋብሪካ ውስጥ በሠራተኛነት ተቀጥረው የነበረ ቢሆንም፣ አባታቸው ካረፉ በኋላ በደረሳቸው ውርስ 17 ኤከር ወይም 7 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ገዝተው አትክልት እያመረቱ ወደ መሸጥ ተሸጋገሩ።

የሕይወታቸውን አቅጣጫ የለወጠው ከከተማው ቤተ መጻሕፍት ያገኙት አንድ መጽሐፍ ነው። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቻርልስ ዳርዊን በ1868 ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ፣ የቤት እንስሳትና በሰው እጅ የሚለሙ እጽዋት እንዴት እንደሚለዋወጡ የሚያብራራ ነው። በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ዳርዊን ለኮክ ዛፍ ሰፊ ቦታ መስጠታቸው ለዚህ ታሪክ ልዩ ትርጉም አለው። ሳቢ ሆኖ ያገኙት ጉዳይ፣ በላዩ ላይ ጠጉር መሰል ለስላሳ ብናኝ ያለው ኮክ የሚያፈራ ዛፍ አንዳንድ ጊዜ ከቅርንጫፉ በአንዱ ላይ ቆዳው ልሙጥ የሆነ ፍሬ፣ ማለትም ኔክታሪን፣ የሚሰጥ መሆኑ ነበር። ኔክታሪን ብዙዎች እንደሚያስቡት የኮክና የፕሪም ዲቃላ ሳይሆን ራሱ ኮክ ነው፤ ልዩነቱ ቆዳውን ልሙጥ በሚያደርግ አንድ የዘር ባሕርይ ላይ ብቻ የተመሠረተ መሆኑን የኋላው ሳይንስ አረጋግጧል። ዳርዊን በሌላ በኩል ኮክ ከአልሞንድ ዛፍ የመጣ ሳይሆን አይቀርም ብለው ገምተው የነበረ ቢሆንም ግምታቸው ትክክል ሆኖ አልተገኘም። የኮክ አገሩ ቻይና ሲሆን፣ በዚያ ከ7 ሺህ ዓመታት በላይ ያስቆጠሩ የኮክ ዘሮች በቁፋሮ ተገኝተዋል። የሳይንሳዊ ስሙ ወደ ፋርስ የሚጠቁመው አውሮፓውያን ፍሬውን ያገኙት በዚያ በኩል በመሆኑ ብቻ ነው።

ወጣቱ አትክልተኛ ከመጽሐፉ ያገኙት ዋና ቁም ነገር ግን አንድ ነበር። እጽዋት ተለዋዋጭ ናቸው፤ በማዳቀል ልዩነቱን ማስፋት፣ በመምረጥ ደግሞ የተፈለገውን ማስቀረት ይቻላል። ይህንኑ በመጀመሪያ የሞከሩት በድንች ላይ ነው። በ1872 በማሳቸው ውስጥ ከነበረ «ኧርሊ ሮዝ» የተባለ የድንች ዝርያ ላይ አንድ የዘር ፍሬ አገኙ። ድንች በአብዛኛው የሚባዛው በእንጉርጉሪቱ፣ ማለትም ራሱን ድንቹን በመትከል እንጂ በዘር አይደለምና ይህ አጋጣሚ እምብዛም የማይገኝ ነበር። በፍሬው ውስጥ የነበሩትን 23 ዘሮች ዘርተው ካበቀሏቸው መካከል የአንዱ ምርት ከሁሉም ልቆ ተገኘ። የዚህን ድንች መብት ለአንድ የዘር ነጋዴ በ150 ዶላር ሸጡት። የጠየቁት ዋጋ 500 ዶላር እንደነበር ይነገራል። ዛሬ በመላው ዓለም ለጥብስ ድንች የሚፈለገው «ራሴት ቡርባንክ» ከዚሁ ድንች በተፈጥሮ ለውጥ የተገኘ ነው።

በ1875 ወንድሞቻቸው ወደሚኖሩባት የካሊፎርኒያዋ ሳንታ ሮዛ ከተማ ሲጓዙ ገዢው እንዲይዟቸው የፈቀዱላቸውን አሥር ድንቾች ይዘው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት እጅግ ከባድ ነበሩ። በአናጺነትና በልዩ ልዩ የቀን ሥራ ሲተዳደሩ ቆይተው አነስተኛ የችግኝ ጣቢያ ከፈቱ። የ1877 የሽያጭ ገቢያቸው 15 ዶላር ከ20 ሳንቲም ብቻ እንደነበር የሒሳብ መዝገባቸው ያሳያል።

ስማቸውን በአካባቢው ያስጠራው በ1881 የተቀበሉት ትዕዛዝ ነው። አንድ የባንክ ባለሀብት ለደረቅ ፍሬ የሚውል 20 ሺህ የፕሪም ችግኝ ለመከር እንዲደርስላቸው በፀደይ ወራት ጠየቁ። በተለመደው አሠራር ይህን ያህል ችግኝ ለማድረስ ከአንድ ዓመት በላይ ያስፈልጋል። የኮክም ሆነ የፕሪም ዘር ለመብቀል ጊዜ የሚወስድ መሆኑን የተገነዘቡት ቡርባንክ፣ የቅርብ ዘመዳቸው የሆነውንና ፈጥኖ የሚበቅለውን አልሞንድ መረጡ። ዘሩን በአሸዋ ላይ ደርድረው በእርጥብ ጆንያ ሸፈኑት፤ እንደበቀለም ወደ መደብ አዛወሩት። በበጋው አጋማሽ ላይ የፕሪም ዓይን በአልሞንዱ ችግኝ ቅርፊት ሥር በማስገባት ከተቡት። ዓይኑ መያዙ ሲረጋገጥ የአልሞንዱን ጫፍ ቆርጠው አልጣሉትም፤ ጎንበስ አድርገው ሰበሩትና ከግንዱ ጋር እንደተያያዘ ተውት። የተሰበረው ጫፍ ቅጠል ሥሩን መመገቡን ሲቀጥል፣ የተከተበው ዓይን ደግሞ ወደ ላይ ተመዘዘ። በቀጠሮው ከ19 ሺህ በላይ ችግኝ ተረከቡ።

ይህ የክተባ ዘዴ ለኮክ ዛፍ ወሳኝ ነው። የኮክ ዘር ሲዘራ የሚበቅለው ዛፍ እናቱን ሊመስልም ላይመስልም ይችላል። አንድ አዳቃይ ለዓመታት ደክሞ ያገኘውን ዛፍ እንዳለ ጠብቆ ማባዛት የሚቻለው ዓይኑን ወስዶ በሌላ ችግኝ ላይ በመክተብ ብቻ ነው። በመሆኑም በአንድ ስም የሚጠሩ የኮክ ዛፎች ሁሉ፣ በሚሊዮን ቢቆጠሩም እንኳ፣ በትክክለኛው ትርጉም የአንድ ዛፍ ቅርንጫፎች ናቸው። ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል። አንድ ችግኝ የገዛ ማንኛውም ሰው በአንድ ስለት ብቻ የዛፉ ሙሉ ባለቤት ይሆናል፤ በቀጣዩ ዓመት ሺህ ችግኝ አባዝቶ ቢሸጥ የሚጠይቀው አልነበረም።

የኤልበርታ ኮክ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከቻይና ተነስቶ በለንደን በኩል በ1850 አሜሪካ የገባ «ቻይኒዝ ክሊንግ» የተባለ ኮክ ነበር። ፍሬው ትልቅና ጣፋጭ ቢሆንም ሥጋው ከዘሩ ጋር የተጣበቀ ነው። በጆርጂያ ግዛት ማርሻልቪል በምትባል ሥፍራ የሚኖሩት አትክልተኛ ሳሙኤል ራምፍ በ1870 የዚህን ኮክ ዘር ተክለው ካገኟቸው ዛፎች የአንዱ ፍሬ ሥጋው ቢጫ፣ ከዘሩ በቀላሉ የሚላቀቅና ረጅም ጉዞ የሚችል ሆኖ ተገኘ። በባለቤታቸው ስም ኤልበርታ ብለው ሰየሙት። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ኤልበርታ የአሜሪካን የኮክ እርሻ ከዳር እስከ ዳር አዳረሰ። ራምፍ ፍሬውን በበረዶ አቀዝቅዘው በባቡር ወደ ኒውዮርክ በመላክ ጥሩ ገቢ አግኝተዋል፤ በሌሎች የችግኝ ጣቢያዎች ከተሸጡት ኤልበርታዎች ግን ሕግ የሚያስከፍልላቸው አንድም ድርሻ አልነበረም።

ቡርባንክ በ1885 ከሳንታ ሮዛ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ በምትገኘው ሴባስቶፖል አቅራቢያ «ጎልድ ሪጅ» የተባለውን የሙከራ ማሳ ገዙ። የብዙዎቹ የፍራፍሬ ሥራዎቻቸው መነሻ ይህ ቦታ ነው። ከጃፓን ካስመጧቸው ፕሪሞች የተነሱት ዝርያዎች፣ በተለይም በ1906 ለገበያ ያቀረቡት «ሳንታ ሮዛ» የተባለው ፕሪም፣ እስከ ዛሬ ይለማሉ። በኮክም ላይ ኮክን ከኔክታሪን፣ ኮክን ከአልሞንድ አዳቅለዋል። የኮክና የአልሞንድ ዲቃላዎቹ በእድገታቸው ከሁለቱም ወላጆቻቸው የሚበልጡ ግዙፍ ዛፎች ሲሆኑ፣ ፍሬያቸው ግን ለገበያ የሚበቃ አልነበረም። የሚገርመው፣ የኮክና የአልሞንድ ዲቃላ ዛሬ በብዙ አገሮች የሚፈለገው ለፍሬው ሳይሆን ለሥሩ ጥንካሬ፣ በተቀባይ ግንድነት መሆኑ ነው።

የማዳቀል ሥራው ራሱ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። የኮክ አበባ በአብዛኛው በራሱ ብናኝ የሚዳብር በመሆኑ፣ አዳቃዩ አበባው ከመፈንዳቱ በፊት የወንዴ ክፍሉን ማስወገድ ይኖርበታል። ቡርባንክ በስለታም ቢላ የአበባውን ዙሪያ ከቆረጡ በኋላ፣ በሰዓት መስታወት ላይ ሰብስበው ያቆዩትን የሌላ ዛፍ ብናኝ በጣታቸው ጫፍ ይቀቡ ነበር። የተገኘው ዘር ይዘራል፤ ችግኙ በሺዎች ይፈላል። ከዚያም ዋናው ሥራቸው፣ ማለትም መምረጥ፣ ይጀመራል። በመደቦቹ መካከል እየተራመዱ ቅጠሉን፣ እምቡጡንና የቅርንጫፉን አኳኋን በማየት ብቻ የሚቀረውን ከሚወገደው ይለያሉ፤ ረዳቶቻቸውም በተመረጠው ላይ የጨርቅ ቁራጭ ያስራሉ። ቀሪው ተነቅሎ ይቃጠላል። በአንድ ጊዜ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ችግኝ ለእሳት የተዳረገበት ወቅት ነበር። የተመረጡት ፍሬ እስኪሰጡ ዓመታት ላለመጠበቅ ደግሞ ጫፋቸውን በትልልቅ ዛፎች ላይ ይከትቡ ስለነበር፣ አንድ ዛፍ በመቶዎች የሚቆጠሩ የተለያዩ ዲቃላዎችን ተሸክሞ ይታይ ነበር።

«ጁላይ ኤልበርታ» የዚህ ሥራ ውጤት ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው በሐምሌ፣ ከታላቁ ኤልበርታ ሳምንታት ቀድሞ ይደርሳል። ለአምራቹ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ገበያው በኤልበርታ ከመጥለቅለቁ በፊት የሚደርስ ፍሬ የተሻለ ዋጋ ያወጣልና። ቆዳው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ ሆኖ ደብዘዝ ያለ ቀይ ፈሰስ ያደረገበት ነው። ሥጋው ቢጫ፣ ጭማቂው ብዙ ሲሆን፣ ከዘሩ በቀላሉ ይላቀቃል። ከዛፉ ተበልቶም፣ ተቀቅሎ በጠርሙስ ታሽጎም ይመረጣል። አበባው በራሱ ብናኝ የሚዳብር በመሆኑ ብቻውን ቢተከልም ያፈራል።

ዛፉ እንደ ማንኛውም ኮክ በክረምት ቅዝቃዜ ማግኘት አለበት። የኮክ እምቡጥ ከእንቅልፉ የሚነቃው ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነባቸውን የተወሰኑ ሰዓታት ካሳለፈ በኋላ ነው። ነባሩ ኤልበርታ 800 ሰዓታት ገደማ የሚሻ ሲሆን፣ ለጁላይ ኤልበርታ 500 ሰዓታት ገደማ እንደሚበቃው የካሊፎርኒያ ችግኝ አቅራቢዎች ይገምታሉ። ይህን ያላገኘ ዛፍ ቅጠሉም አበባውም ዘግይቶና ተዘበራርቆ ይወጣል፤ ፍሬውም ይመናመናል። በምድር ወገብ አቅራቢያ በሚገኙ እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ደጋማ አካባቢዎች የውጭ የኮክ ዝርያዎችን ለማልማት ሲታሰብ በቅድሚያ የሚጠየቀውም ይኸው የቅዝቃዜ ሰዓት ነው። ዝቅተኛ ቅዝቃዜ የሚበቃቸው ዝርያዎች ካልተመረጡ ዛፉ ያድጋል እንጂ በወጉ አያፈራም።

ውሃ የሚተኛበት መሬት ለኮክ አይሆንም። ሥሩ በቶሎ ይበሰብሳል። ስለሆነም ውሃ የማይቋጥር፣ ለስላሳና ተዳፋት ያለው ቦታ ይመረጣል። ተዳፋቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ቀዝቃዛ አየር ወደ ዝቅተኛው ቦታ ስለሚወርድ አበባው ከውርጭ ይተርፋል። የፈነዳ የኮክ አበባ ከዜሮ በታች ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ሲደርስ መጎዳት ይጀምራል።

በግረዛ ረገድ ኮክ ከብዙዎቹ የፍራፍሬ ዛፎች ይለያል። ፍሬ የሚይዘው ባለፈው ዓመት በበቀለ ቀንበጥ ላይ ብቻ ነው። ያልተገረዘ ዛፍ ፍሬው በየዓመቱ ከግንዱ እየራቀ ወደ ጫፍ ይሸሻል፤ መካከሉም ባዶ ይቀራል። ስለዚህ በየዓመቱ ጠበቅ ያለ ግረዛ ይደረግለታል፤ መካከሉ ለፀሐይ ክፍት ሆኖ እንደ ጽዋ እንዲከፈት ይደረጋል። ፍሬው በበዛበት ዓመትም በአውራ ጣት ልክ ሳለ እየለቀሙ ማሳሳት፣ በፍሬና በፍሬ መካከል ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር መተው ያስፈልጋል። ይህን ለማድረግ የሚሳሳ ገበሬ በመጨረሻ የሚለቅመው ብዙ ዘርና ጥቂት ሥጋ ነው፤ ቅርንጫፉም በክብደት ሊገነጠል ይችላል።

በዛፉ ላይ ከሚደርሱ በሽታዎች የታወቀው ቅጠሉን የሚያኮማትርና የሚያቀላ ፈንገስ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መርጨት ፋይዳ የለውም። መድኃኒቱ፣ በአብዛኛው መዳብ ያለበት፣ ቅጠሉ ከረገፈ በኋላና እምቡጡ ከማበጡ በፊት መረጨት አለበት። የኮክ ዛፍ ዕድሜ አጭር ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ማፍራት ይጀምራል፤ ከአሥራ አምስትና ሃያ ዓመት በኋላ ግን በአብዛኛው ይደክማል። ዝርያው የሚዘልቀው አንድ ሰው በጊዜው ዓይኑን ወስዶ በአዲስ ችግኝ ላይ ከከተበው ብቻ ነው።

የቡርባንክ ዕውቀት ግን እንዲህ ተከትቦ አልቀረም። ትልቁ ጉድለታቸው መዝገብ አለመያዛቸው ነበር። የትኛው ዛፍ ከየትኛው እንደተዳቀለ፣ ስንት ችግኝ እንደበቀለ፣ ስንቱ እንደተወገደና በምን ምክንያት እንደተወገደ የሚያሳይ የተሟላ ማስታወሻ አልነበራቸውም። የያዙት ጽሑፍ ለራሳቸው ማስታወሻ እንጂ ለሌላ ሰው ምስክር እንዲሆን የታሰበ አልነበረም። በ1893 ባወጡት ባለ 52 ገጽ ካታሎግ አዳዲስ ዝርያዎቻቸውን ፍጥረት ብለው መጥራታቸው ከሃይማኖት ሰዎች ወቀሳ አስከትሎባቸዋል። ከሳይንስ ሰዎች በኩል የቀረበባቸው ወቀሳ ግን የበለጠ ሥር የሰደደ ነበር፤ ውጤቱ ይታያል፣ መንገዱ አይታወቅም የሚል።

ይህን ጉድለት ለመሙላት የካርኔጊ ተቋም ከ1905 ጀምሮ በየዓመቱ 10 ሺህ ዶላር ድጋፍ መደበላቸው። በዚያ ዘመን ይህ ከፍተኛ ገንዘብ ነበር። ተቋሙ ዘዴዎቻቸውን እያጠና እንዲመዘግብ ጆርጅ ሻል የተባሉ ወጣት የእጽዋት ተመራማሪም መደበ። ሻል ወደ ሳንታ ሮዛ ደጋግመው ተጉዘዋል። ሁለቱ ሰዎች ግን ሊግባቡ አልቻሉም። አንደኛው ቁጥር፣ የዘር ሐረግና ቀን ይጠይቃሉ፤ ሌላኛው በልምድ የካበተ ዓይናቸውን ያምናሉ፣ ጊዜያቸውም በጎብኚ የተጣበበ ነው። ድጋፉ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ተቋረጠ። ሻል ሊያዘጋጁት የነበረው ዘገባም ለሕትመት ሳይበቃ ቀረ። በአንጻሩ እኚሁ ሻል በዚያው ወቅት በበቆሎ ላይ በራሳቸው ያካሄዱትና በጥንቃቄ የመዘገቡት ምርምር ዛሬ መላው ዓለም ለሚጠቀምበት የዲቃላ በቆሎ ዘር መሠረት ከጣሉት ሥራዎች አንዱ ሆኗል።

የሌላ ጎብኚ ታሪክም እዚህ ላይ ሊነሳ ይገባዋል። ታዋቂው የሩሲያ የእጽዋት ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1921 ሳንታ ሮዛ መጥተው ቡርባንክን ጎብኝተዋል። ከስድስት ዓመታት በኋላ በ1927 ቫቪሎቭ ኢትዮጵያ ገብተው የስንዴ፣ የገብስና የሌሎች ሰብሎችን ዘር ሰብስበዋል፤ ኢትዮጵያንም የሰብሎች መገኛ ከሆኑ የዓለም ማዕከላት አንዷ አድርገው መድበዋታል። የሰበሰቧቸው ናሙናዎች ከየት እንደተገኙ ተመዝግበው መቀመጣቸው ከተሰበሰቡ በኋላም ለአሥርት ዓመታት ለምርምር እንዲያገለግሉ አስችሏል። በቡርባንክ ማሳ ላይ የጎደለውም ይኸው ነበር።

የንግዱ ነገርም አልቀናቸውም። በ1912 በስማቸው የተቋቋመው የዘርና የችግኝ ኩባንያ ጥቂት ዓመታት ብቻ ቆይቶ ከሰረ። በእርሳቸው ስም የታተመው ባለ 12 ቅጽ መጽሐፍ በሥዕል የተዋበ ቢሆንም ሻል የፈለጉትን ዓይነት መረጃ የያዘ አልነበረም። ዝናቸው ግን አልቀነሰም። በ1915 ቶማስ ኤዲሰንና ሄንሪ ፎርድ በአንድነት ጎብኝተዋቸዋል። ሦስቱም መደበኛ ትምህርት ያልገፉ፣ በእጃቸው ሠርተው የታወቁ ሰዎች መሆናቸው በጊዜው ብዙ የተወራለት ነበር። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ግን ግልጽ ነው። ኤዲሰን ከአንድ ሺህ በላይ ፓተንት ያስመዘገቡ ሰው ሲሆኑ፣ ቡርባንክ አንድም አልነበራቸውም። ሕጉ ማሽንን እንጂ ዛፍን የሰው ፈጠራ አድርጎ አይቆጥርም ነበር። አዳቃዩ ማግኘት የሚችለው አዲሱን ዛፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ትልቅ ነጋዴ ሲሸጥ የሚያስከፍለውን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዛፉ የሁሉም ነው። ቡርባንክ አዳዲስ ዝርያዎችን ያለ እረፍት ለማውጣት ይጣደፉ የነበሩበት፣ ምናልባትም ለመዝገብ ጊዜ ያጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ሉተር ቡርባንክ ሚያዝያ 11 ቀን 1926 በ77 ዓመታቸው በሳንታ ሮዛ አረፉ። አስከሬናቸውም በመኖሪያ ቤታቸው አጠገብ በነበረ የሊባኖስ ዝግባ ሥር ተቀበረ። ማሳው ላይ ለገበያ ያልቀረቡ በርካታ ዲቃላዎች ቀርተው ነበር። ባለቤታቸው ኤልሳቤጥ የፍራፍሬዎቹን መብት በሚዙሪ ግዛት ለሚገኘው የስታርክ ወንድማማቾች የችግኝ ድርጅት አስተላለፉ። ጁላይ ኤልበርታም ከእነዚህ አንዱ ነው።

የድርጅቱ ኃላፊ ፖል ስታርክ የእጽዋት አዳቃዮች መብት በሕግ እንዲታወቅ በአሜሪካ ምክር ቤት ዘንድ ሲከራከሩ ከቆዩት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ነበሩ። በክርክሩ ወቅት የሟቹ ስም በተደጋጋሚ ተነስቷል፤ ከማረፋቸው በፊት በጉዳዩ ላይ የጻፉት ደብዳቤም ቀርቧል። ኤዲሰንም ድጋፋቸውን ሰጥተዋል። ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር ግንቦት 23 ቀን 1930 የፈረሙት ሕግ ያለ ዘር፣ ማለትም በክተባ፣ በቁራጭና በመሳሰለው ለሚባዙ አዳዲስ እጽዋት ፓተንት እንዲሰጥ ፈቀደ። በዚህም መሠረት በቡርባንክ ስም ከሞታቸው በኋላ 16 የእጽዋት ፓተንቶች ተሰጥተዋል።

ሕጉ ለተሸጠው ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሠራ አልነበረም። የሳንታ ሮዛ ፕሪምም ሆነ በሕይወት ሳሉ ያሰራጯቸው ሌሎች ዝርያዎች አልተካተቱም። ጥበቃ ያገኙት በማሳው ላይ ሳይታወቁ የቀሩት ብቻ ናቸው። ሌላም ነገር አለ፤ ሕጉ እንደ ድንች ያሉ፣ የሚበላው አካላቸው ራሱ ለመባዣ የሚያገለግል እጽዋትን ከፓተንት ውጪ አድርጓል። ስለሆነም የቡርባንክ የመጀመሪያውና ከሁሉም በላይ የተስፋፋው ሥራቸው በዚያው ዓመት ቢገኝ ኖሮ እንኳ ከ150 ዶላሩ ያለፈ የሚያስገኝላቸው የፓተንት መብት አይኖርም ነበር።

ከዚያ ወዲህ በርካታ አገሮች ተመሳሳይ ሕግ አውጥተዋል። በኢትዮጵያም የእጽዋት አዳቃዮች መብት ለመጀመሪያ ጊዜ በአዋጅ ቁጥር 481/1998 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የተደነገገ ሲሆን፣ አዋጁ ኋላ ላይ በአዋጅ ቁጥር 1068 መተካቱ ይታወሳል።

በሳንታ ሮዛ የቡርባንክ መኖሪያ ቤትና የአትክልት ሥፍራ ዛሬ በቅርስነት ተጠብቆ ለጎብኚ ክፍት ነው። ከጎልድ ሪጅ ማሳም ጥቂቱ ተርፏል። የካሊፎርኒያ ግዛት የዛፍ ተከላ ሳምንቱን የሚጀምረው በልደታቸው ቀን፣ መጋቢት 7 ነው። የጁላይ ኤልበርታ ፓተንት የተሰጠው በጊዜው ሕግ መሠረት ለ17 ዓመታት ነበርና ዘመኑ ካበቃ ከሰባ ዓመታት በላይ ሆኖታል። ዛፉ አሁንም በአሜሪካ ችግኝ ጣቢያዎች ይሸጣል፤ ዓይኑን ወስዶ መክተብ የሚፈልግ ሁሉ ማንንም ሳያስፈቅድ መክተብ ይችላል።